ከዓይን የጠፋችው

ጥናቱ ሲጀመር በሐኪሟ ቤት ተመላላሽ ሠራተኛ ሆኜ ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር። ሐኪሟ የጅቡቲ ተወላጅ ናቸው፤ ፈረንሳይ አገር ተምረው፣ እዚያው ብዙ ዓመት ሠርተው፣ ፀጉራቸው መሸበት ሲጀምር ወደ አገራቸው የተመለሱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙሉ ጫቱን ይዞ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ልብስ ስተኩስ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አማርኛ ማንበብና መጻፍ ትችያለሽ አይደል?» አሉኝ በሶማልኛ።

«እችላለሁ ዶክተር። ድሬዳዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ካውያውን አጥፊውና ተቀመጪ።»

የነገሩኝ ይህን ነው። በየሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ሴቶች ሆስፒታል የሚደርሱት ደም አልቆም ሲላቸው፣ ሽታው አብረዋቸው የሚተኙትን ሲያስቸግር ነው። የማህፀን በር ካንሰር ደግሞ ሳይብስ ከተገኘ የሚድን በሽታ ነው። ታዲያ ለምን ቀድመው አይመጡም? ቢመጡስ፣ የተገኘባቸው ሕክምናውን ይጨርሳሉ? ከዳኑ በኋላስ እንዴት ይኖራሉ? ይህን ሊያጠኑ ነው፤ እኔ እያስተረጎምኩ መጠይቁን እንድሞላላቸው ፈለጉ። እሺ አልኩ። የቤቱም ሥራ ግን አልቀረልኝም፤ ጠዋት እሳቸው ቤት፣ ከሰዓት በኋላና ዓርብ ሙሉ ቀን ጥናቱ ላይ።

ምርመራው ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ትንሽ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ክፍል ነበር። ዓርብ ዓርብ ብቻ፤ ሴቶቹ ዕረፍት የሚያገኙት በዚያ ቀን ነውና። መብራት ሲጠፋ በካርቶን ቁራጭ እናራግባለን። ጥጥ በአቼቶ ተነክሮ የማህፀኑ በር ይቀባል፤ ጤነኛው መልኩን አይቀይርም፣ ያልሆነው ይነጣል። መጀመሪያ የተመረመርኩት እኔ ነኝ፤ ሐኪሟ «ያላየሽውን እንዳትናገሪ» ብለው አልጋው ላይ አወጡኝ። ስለዚህ «አያምም፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ አምስት ደቂቃ ነው» ስል እውነቴን ነበር።

የሚከብደው መጠይቁ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድ ጋር የተኛሽው በስንት ዓመትሽ ነው ሲባሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አንዳንዷ ዕድሜዋን ብቻ ስጠይቃት ወዳ እንዳልነበረም ትነግረኛለች፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም። አሥር መጠይቅ ሞልቼ ስወጣ የአሥር ቤት ልብስ ያጠብኩ ያህል ወገቤ ይቆረጣል። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈሩት አድራሻ መናገርን ነው። አብዛኞቹ የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም፤ ፖሊስ ለአፈሳ ሲወጣ በጭነት መኪና እየተጫኑ ድንበር የተጣሉ ጓደኞች አሏቸው። ስማቸው የሰፈረበት ወረቀት ሁሉ ያስበረግጋቸዋል።

አንድ ዓርብ አንዲት ሴት ጓደኛዋን ልታጅብ መጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ቀጭን፣ እጇ በበረኪና የተላጠ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ «እስከዚያው አንቺም ግቢ» አልኳት።

«እኔ ምንም አላመመኝም።»

«ሳያምሽ ነው እኮ ነገሩ።»

ሳቀችና ገባች። አድራሻ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና «ባልባላ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ» አለች። ሰው ቤት አድራ የምትሠራ ሴት ከከተማው ዳር ባልባላ ምን ቤት አላት? ስልኩንም ከብጣሽ ወረቀት ላይ እያነበበች ነው የሰጠችኝ። ውጭ ገና ብዙ ሴቶች ተሰልፈዋል፣ ሙቀቱ ጭንቅላቴን ይወቅረኛል፣ ከማለዳ ጀምሮ ውሃ እንጂ እህል አልቀመስኩም። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ጻፍኩት።

ስትመረመር ነጣ። ሐኪሟ ናሙና ቆንጥረው ወሰዱ፤ ናሙናው ባሕር ተሻግሮ ውጤቱ እስኪመለስ ሳምንታት ፈጀ። ካንሰር ነው፤ ጀምሯል፣ ግን ገና አልተሰራጨም። በቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም። ስንደውል አንድ ባለሱቅ አነሳና እንዲህ የምትባል ሴት አላውቅም ብሎ ዘጋብን። ጓደኛዋ የሰጠችው ስልክም አልሠራም። ሁለት ዓርብ ጠበቅናት። በሦስተኛው ሐኪሟ መዝገቡን ከፍተው ከስሟ ፊት ለፊት በቀይ እስክሪብቶ «ፔርዱ ደ ቩ» ብለው ጻፉ። በሐኪሞች ፈረንሳይኛ ክትትሉን ጥሎ የቀረ ሰው እንዲህ ይባላል፤ ከዓይን የጠፋች እንደማለት ነው።

«ምን ይደረግ» አሉ፣ እስክሪብቶውን እየከደኑ። «በየጥናቱ ያለ ነገር ነው።»

እኔ ግን ያን ቀን እህል አልወርድልኝ አለ። እኔ ነኝ ግቢ ያልኳት። እኔ ነኝ ውሸቱን የጻፍኩት።

የምኖረው ባልባላ ስለሆነ ታንከሩ አንድ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከሥራ ስወጣ በየታንከሩ ጀርባ እየዞርኩ ቆርቆሮ ቤቶቹን አንኳኳ ጀመር። ካምሲን የሚባለው የክረምቱ ትኩስ ነፋስ አሸዋውን ፊቴ ላይ ይደፋዋል፤ ጥርሴ ሁሉ አሸዋ ይሆናል። አንድ ሳምንት እንደዚያ ከባከንኩ በኋላ፣ ሴቶች ዓርብ ዓርብ ጎናቸውን የሚያሳርፉባት በጋራ የተከራዩአት ክፍል አገኘሁ። አንዲት ሴት ምንጣፍ ላይ ተጋድማ ነበር።

«ፖሊስ ነሽ?» አለችኝ ሳትነሳ።

«አይደለሁም። ከክሊኒኩ ነኝ።»

የፈለግኳትን ሴት መልክ ስነግራት ቀና አለች። «ራስ ዲካ ሰፈር ናት። ቤቱን አላውቀውም። ማዳሟ ከወለደች ወዲህ ዓርብም አትለቃትም፤ እኛም ከዚያ ወዲህ አላየናትም።»

ራስ ዲካ የሀብታሞች ሰፈር ነው፤ አጥሩ ረጅም፣ ዘበኛው ብዙ። «እዚህ ቤት ኢትዮጵያዊት አለች?» ስል «የሌለችበት ቤት የት አለ!» ይሉኛል። ሲቸግረኝ ዳቦ ቤቱ በር ላይ መቆም ጀመርኩ፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ዳቦው ሲወጣ ለመግዛት ይመጣሉ። ሁለት ቀን ቆሜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን እሷ መጣች። ስታየኝ ዳቦውን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቀጥ አለች።

«ውጤቱ መጣ?»

«መጥቷል። ዶክተሯ ራሳቸው ሊነግሩሽ ይፈልጋሉ።»

«ደህና ቢሆን እዚህ ድረስ ባልመጣሽ።» ቀጥላም «ነቀርሳ ነው?» አለችኝ።

«ጅምር ነው። ይወጣል። ትድኛለሽ።»

ሌሎቹ እንዳይሰሟት ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። «ማዳም አራስ ናት። ለሳምንት ብቀር ሌላ ሴት ታስገባለች። ነቀርሳ ነው ካልኳት ደግሞ ልጄን ታስይዢብኛለሽ ብላ ዛሬውኑ ታስወጣኛለች። ስምንት ዓመት ኖሬበታለሁ እህቴ። ወረቀት የለኝ፣ ወዴት ልሂድ?»

«አይተላለፍም እኮ።»

«ይሄን እኔና አንቺ እናውቃለን። እሷ ታውቃለች?»

ያን ጊዜ ነው ሳላስበው ከአፌ ያመለጠኝ። «እኔ እገባልሻለሁ።»

«የት?»

«ቤቱ። እናቴ ታማብኛለች፣ አገር ልሄድ ነው፣ እህቴ ትተካኛለች በያት።»

ለሐኪሟ ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። «ይህ ጥናት ነው» አሉኝ። «ሴቶቹ ሕክምናውን ለምን እንደሚያቋርጡ ነው የምንጠይቀው። በጠፉ ቁጥር አንቺ ፈልገሽ ካመጣሽ፣ ሥራቸውን ከሠራሽላቸው፣ እኔ ምኑን ነው የምጽፈው?»

«አድራሻው ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ነው የጻፍኩት፣ ዶክተር።»

መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። እሳቸውም ደክሟቸው ነበር፤ ጠዋት ሆስፒታል፣ ማታ ጽሕፈት። «ስድስት ሳምንት ያስፈልጋታል» አሉ በመጨረሻ። «ሳህኔን ራሴ አጥባለሁ።»

በሚቀጥለው ዓርብ እህቴን ላምጣ ብላ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ለመነችና መጣች። ሐኪሟ በሶማልኛ ተናገሩ፤ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩ። ማህፀኗ መውጣት አለበት። ይህን ቃል ስናገር ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። እሷ ሐኪሟን ትታ እኔን ታየኝ ጀመር። ከአዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር እንዳላት፣ ከርሞ አገር ገብተው ሊጋቡ እንደተነጋገሩ፣ አንድ ልጅ ብቻ ብወልድ ይበቃኛል ትል እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ።

«አስወጣዋለሁ።»

በፍጥነት ነው ያልኩት። ቆም ብዬ አላሰብኩም። እሷም አንገቷን ደፍታ «እንግዲያው ይሁን» አለች።

ራስ ዲካ ገባሁ። ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እንቅልፍ ያጣች ወጣት እናት ናት። ስሜን አንድ ቀን ጠየቀችኝ፤ በማግስቱ በቀድሞዋ ሠራተኛ ስም ጠራችኝ፣ እስክወጣም በዚያው ቀረ። እኔም አቤት እላለሁ። የሠራተኛዋ ክፍል ከኩሽናው ጀርባ ናት፤ የሳሎኑ አየር ማቀዝቀዣ ሙቅ ትንፋሹን የሚያወጣው በዚያች መስኮት በኩል ነው። ስምንት ዓመት እዚህ ተኝታለች እያልኩ በላብ ተጠምቄ እነሳለሁ። ሕፃኑን አዝዬ መጥረግ፣ ሕፃኑን አዝዬ ማጠብ። ዓርብ ዓርብ ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ጥናቱ ያለእኔ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ባልባላ ያሉት ሴቶች ያችን ክፍል ለቀቁላትና በየተራ እየወጡ አጥሚት አጠጧት። ሐኪሟም የቀረ ነገር የለም አሉ። በሰባተኛው ሳምንት መጀመሪያ ራስ ዲካ በር ላይ ተገናኘን፤ ከስታ፣ ሆዷን በነጠላዋ አጥብቃ አስራ። ማዳም «እናትሽ ተሻላቸው?» አለቻት። «ተሻላቸው» አለች። እናቷ ከሞቱ ዓመታት እንዳለፉ እኔ አውቃለሁ፤ መጠይቁ ላይ ሞልቻለሁ።

ለሾፌሩ ነገረችው። እኔ «ትንሽ ቆይ፣ ሰውነትሽ ይጠገን» ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም። መኪናው እስኪጫን የሚቆሙበት ሻይ ቤት ተቀምጠው ነገረችው። ብርጭቆውን እያሽከረከረ «መጀመሪያ ብታማክሪኝ ምናለ» አለ። ከዚያ ወዲህ ወደብ ሦስት ጊዜ ገብቶ መውጣቱን ከሌሎች ሾፌሮች ሰማች፤ እሷጋ ግን አልደወለም።

ከእኔም ጋር ያኔ ነው የተቀያየምነው። ለክትትል በየጊዜው ትመጣለች፤ አልጋው ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ «ደህና ዋሉ» ትላለች ለሐኪሟ። ለእኔ የምትሰጠኝ ሰላምታ በአንገት ነው። አልፈረድኩባትም። ግን መጣች አልመጣችም እያልኩ ዓርብ በገባ ቁጥር በር በሩን አያለሁ፤ በመጣች ጊዜም ዕረፍት አላገኝም።

ዓመታት አለፉ። አዲሱ የባቡር ሐዲድ በሚነጠፍበት ሰሞን የጥናቱ የመጨረሻው መጠይቅ ደረሰ፤ ከዳኑ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩ የሚጠይቀው። እሷ ያን ጊዜ የራስ ዲካውን ቤት ለቃ ባልባላ ተከራይታ በተመላላሽነት ትሠራለች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እንቅልፍ እንዴት ነው? ሥራ ትችያለሽ? ሕመሙ ይመለሳል ብለሽ ትፈሪያለሽ? አንድ በአንድ መለሰች። ከታች አካባቢ ያለውን ጥያቄ ሳነብ ድምፄ አነሰ።

«ሕክምናውን በመውሰድሽ ትጸጸቻለሽ?»

«ምን ምን ይላል ምርጫው?»

«አዎ። አይደለም። አላውቅም።»

«አዎንም አይደለምንም አድርጊልኝ።»

«አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«እንግዲያው ወረቀቱ አልተማረም» አለች። ቀና ብላ ከተቀያየምን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችኝ። «እንዳልሞት ስላደረግሽኝ አልጸጸትም። ስትመልሺልኝ ግን ቸኮልሽ። አንድ ቀን እንኳ አስቢበት አላልሽኝም። እሺ ማለቴ አይቀርም ነበር፤ ግን አንድ ቀን ይገባኝ ነበር።»

ይቅርታ አልኳት። ሐኪሟን ስጠይቃቸው «ሁለቱንም ምልክት አድርጊና ያለችውን ከጎኑ ጻፊ» አሉኝ። ኅዳጉ ጠባብ ነው፤ ጽሑፌን አሳንሼ፣ ወረቀቱን እያዞርኩ፣ እንዳለችው ጻፍኩት። ሪፖርቱ በፈረንሳይኛ ወጥቶ ሐኪሟ አንድ ቅጂ ሰጡኝ፤ ያ ኅዳግ ውስጡ ይኑር አይኑር ፈልጌ አላውቅም።

ያን ዕለት ክሊኒኩ ሲዘጋ አብረን ወጣን። ሚኒባሱ ሞልቶ ከኋላ ተጣብበን ተቀመጥን። ከማለዳው ጀምራ ሁለት ቤት አጥባ እንደመጣች ነገረችኝ፤ እኔም የሐኪሟን መጋረጃ እንዳጠብኩ ነገርኳት። ሳንርቅ ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ አፏን ከፍታ ተኛች። የእኔ መውረጃ ደረሰና አለፈ። ረዳቱ ዞር ብሎ ሲያየኝ ዝም እንዲል በእጄ ምልክት ሰጠሁት።