የአማቴ ትንፋሽ

በእኛ አገር አማች የአማቱን ፊት አያይም። ጨርሶ አይገናኙም ማለቴ አይደለም፤ አንድ ቀዬ እየኖሩ ይኼ እንዴት ይሆናል? ግን የእሱ ኮቴ ደጅ ላይ ከተሰማ እሷ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ እሱም አንገቱን ይደፋል። አንድ ማዕድ አይቀርቡም። የሚነጋገሩት ነገር ካለ በሦስተኛ ሰው በኩል ነው። አምባሰል ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይህን ያውቀዋል። አሁን አሁን የከተማ ልጆች "ኋላ ቀር" ይሉታል፤ ይበሉ። እኔ ሚስቴን ካገባሁ ጀምሮ የአማቴን ፊት በቅጡ አይቼ አላውቅም ነበር። የማውቀው ድምፃቸውን ነው፤ እሱም "ንገሪው" ከሚል ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን። "ንገሪው፣ በሬው ገመዱን በጥሷል።" "ንገሪው፣ ከስቷል፣ ይብላ እንጂ።" እኔ አጠገባቸው ቆሜ!

ጦርነቱ ወደ እኛ በተጠጋበት ዓመት ሐይቅ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ለውጥ መጣ ተብሎ ጎዳና ላይ ከጨፈርን ብዙም አልቆየንም ነበር፤ ያ ሁሉ ጭፈራ የት እንደገባ እንጃ። ኮሮናንማ ረስተነው ነበር። ጥይት የሚፈራ ሰው ሳል ይፈራል ወይ? ኮሮናው ግን አልረሳንም። አማቴ ከውጫሌ በላይ ካለው መንደራቸው ተፈናቅለው እኛ ቤት ገቡ። ቤቱ በዘመድ ጢም ብሎ ስለነበር ማንን ከማን እንደያዘው አይታወቅም፤ በሳምንቱ ትንፋሻቸው እያጠረ መጣና እኔው ዘንድ አልጋ ያዙ።

አንድ የመተንፈሻ ማሽን ነበረን። በጭንብል በኩል አየር እየገፋ የሚሰጥ ነው። ስለ አሠራሩ ሥልጠና የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ የሚያውቁት ባልደረቦቼ ቤተሰባቸውን ይዘው ወጥተዋል። አልፈርድባቸውም። ነገሩ ደግሞ እንዲሁ አየር መንፋት ብቻ አይደለም። የተቆጣ ሳንባ እንደ ረጠበ ጨርቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ቸኩለህ በኃይል ብትነፋው ደህናውን ክፍል ታቆስለዋለህ። ትንሽ ትንሽ ነው የሚሰጠው፤ አየሩ ሲወጣም ሳንባው ጨርሶ እንዳይከደን ጥቂት ግፊት ውስጥ ታስቀርለታለህ። በሽተኛው በሆዱ ቢተኛ ደግሞ በጀርባ በኩል ያለው ሳንባ ይከፈታል። ከሁሉ በላይ ጭንብሉ ፊት ላይ ግጥም ማለት አለበት።

ግጥም ይላል እንዴ! መጀመሪያ ቀን ክፍሉ ውስጥ ስገባ አማቴ ኮቴዬን ሰሙና ሻርፓቸውን ጎትተው ፊታቸውን ሸፈኑ። የሻርፑ ጫፍ ጭንብሉ ሥር ገባ፣ አየሩ ፉጨት አሰማ፣ ጣታቸው ላይ ያለችው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሯ ወረደ። ደንግጬ ወጣሁ። ሚስቴ ጭንብሉን አስተካከለችላቸው፣ ቁጥሩ ወጣ። ተመልሼ ገባሁ፣ ወረደ። ላድን የመጣሁት ሰውዬ በሽታ ሆኜ አረፍኩት።

ከዚያ በኋላ በአልጋውና በእኔ መሃል መጋረጃ ዘረጋን። ማሽኑ እኔ ጋ፣ አማቴ ማዶ፣ ሚስቴ መሃል።

"ንገሪያቸው፣ በሆዳቸው ይተኙ።"

"ንገሪው፣ አማች ባለበት ክፍል በሆዴ አልተኛም።"

ስለዚህ እኔ ኮሪደር እወጣለሁ፣ እሳቸው ይገለበጣሉ፣ ብርድ ልብስ ይደረብላቸዋል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እመለሳለሁ። የነርሶች ኃላፊያችን፣ በዕድሜም እናቴ የምትሆን ክርስቲያን ሴት፣ ይህን ባየች ጊዜ "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ሳንባ የሚያክም ሰው ዛሬ አየሁ" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ግን በዚህ ዓይነት ሲሻላቸው አየን፤ ቁጥሩ እየተረጋጋ ነበር። አብሽር፣ ይኼም ያልፋል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ የቀትሩ የዙሁር አዛን ካለ በኋላ፣ በውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያው ድምፅ ቀረበና መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ ትንሽ አጉረመረመና ናፍጣ ጨርሶ ቆመ። ማሽኑ በባትሪው ጥቂት ከጮኸ በኋላ እሱም ዝም አለ። ኃላፊያችን ሌላ ክፍል ቁስለኞች ላይ ናት። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

በእጅ የሚጨመቀውን የትንፋሽ ከረጢት ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ጋር አገናኘሁ። በአንድ እጅ ከረጢቱን ትጨምቃለህ፣ በሌላው ጭንብሉን ፊት ላይ ትይዛለህ፤ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ጭንብሉ ላይ፣ የቀሩት ጣቶች አገጭ ሥር። ለማንም በሽተኛ ሳላስብ የማደርገው ነው። አማቴ ግን ሻርፓቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል።

"አውፍ ይበሉኝ" አልኩ። በቀጥታ ያናገርኳቸው የመጀመሪያ ቃል ይህ ይቅርታ ነው።

"እማ፣ ልቀቂው! በአላህ ልቀቂው!" ሚስቴ ታለቅሳለች።

አለቀቁትም። ነጠቅኳቸው። እኔ አማች ሆኜ፣ የአማቴን ሻርፕ በጉልበት ከራሳቸው ላይ ነጠቅሁ። ሽበታቸው ተገለጠ። ያረብ! ምነው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ጭንብሉን አደረግሁላቸው፤ ግን የያዝኩት ትኩስ ድስት እንደያዘ ሰው በጣቴ ጫፍ ነበር። በጨመቅሁ ቁጥር አየሩ በጎን ሾልኮ ይወጣል። ከንፈራቸው ጠቆረ። በዚህ መሃል ኃላፊያችን ደም የነካ ጓንቷን ሳታወልቅ በበሩ ብቅ አለችና አየችኝ።

"ምን ትሽኮረመማለህ አንተ! መንጋጋቸውን ያዝ እንጂ! አፍረህ ልትገድላቸው ነው?"

ያዝኩ። አጥንታቸው መዳፌ ውስጥ ገባ። የሚስቴ አገጭ ላይ ያለው ስርጉድ ከማን እንደመጣ ያን ጊዜ አወቅሁ። ፉጨቱ ቆመ፣ ደረታቸው ከፍ አለ።

"ጠንከር አድርገህ ንፋው!" ትላለች ሚስቴ።

"አይሆንም፣ ትንሽ ትንሽ ነው።"

እሳቸው ሊስቡ ሲሉ እጠብቅና እጨምርላቸዋለሁ፤ ይስባሉ፣ እጨምራለሁ። ዓይናቸው ተገልጦ ቀጥታ ያየኛል። እኔ ግድግዳውን አያለሁ። ላብ አጥምቆኝ ስለነበር ከግንባሬ ጠብ ብሎ ግንባራቸው ላይ አረፈ፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም። እንደዚያ ያለ ውርደት በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም። ሚስቴ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላቸው። እጄ ሲዝል ኃላፊያችን ትቀበለኛለች፣ ቁስለኛ ሲመጣ ትመልስልኛለች።

ለአሱር ሶላት፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ አዛን ሲል አንድ የአይሱዙ ሹፌር፣ እሱ ራሱ ቤተሰቡን ጭኖ የሚሸሽ ሰው፣ ከታንከሩ ናፍጣ በጀሪካን ቀድቶ ሰጠን። ጄነሬተሩ ተነሳ፣ ማሽኑም ተነሳ። እኔ መጋረጃውን ቀስ ብዬ መለስኩትና ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። በማግስቱ አምቡላንስ ተገኝቶ ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ፤ እኛም ተከትለን ወጣን። አልሃምዱሊላህ፣ ተረፉ።

ጦርነቱ ራቅ ሲል ሁላችንም ሐይቅ ተመለስን። እሳቸውም እስኪበረቱ እኛ ቤት ሆኑ። ወይ እኔ! ከድሮው ብሶብኝ አረፈ። እሳቸው ሳሎን ካሉ በጓሮ በር እወጣለሁ፤ ምሳዬን ሥራ ቦታ እበላለሁ። ሚስቴ "ምን አጥፍተህ ነው የምትሸሸው?" ትለኛለች። ያጠፋሁት የለም፤ ግን የነጠቅኩት አለ።

አንድ ጠዋት ሚስቴ ገበያ ሄዳለች። አማቴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይሞቃሉ። በጓሮ ሾልኬ ልወጣ ስል ድምፃቸውን ሰማሁ።

"ና እስቲ ወዲህ።"

ማንን ነው ብዬ ዞር አልኩ። ከእኔ በቀር ሰው የለም። ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

"ያን ቀን መጀመሪያ ጭንብሉን በጣትህ ጫፍ ነበር የያዝከው። ፈርተህ ነው አፍረህ?"

"አፍሬ ነው። አውፍ ይበሉኝ።"

"አውፍ ብያለሁ። እኔስ መች አላፈርኩ?" ጥቂት አረፉ፤ ትንፋሻቸው ገና አልሞላም ነበር። "ወላሂ ደክሞኝ ነበር ልጄ። በቃኝ፣ ልሞት ነው ብዬ ሸሃዳዬን በልቤ ጨርሼ ነበር። ኋላ ቀና ብዬ አንተን አየሁ። እዚህ ልጅ እጅ ላይ ብሞት ዕድሜውን ሙሉ 'አማቱን የገደለ' ሲሉት ሊኖሩ ነው አልኩ። አሳፈረኝ። በል እንግዲህ ሳቢ አልኩ ራሴን፤ አንተ ስትጨምቅ እኔ ስስብ፣ እንዲያ ነው የዋልነው።"

ያን ሁሉ ሰዓት የማስተነፍሳቸው እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። እሳቸው የእኔን ስም ለመጠበቅ እየተነፈሱ፣ እኔ የማስበው ስለ ጣቶቼ ነበር። የዚያን ጠዋት ማፈሬ ሻርፓቸውን ከነጠቅኩበት ቀን የባሰ ነው።