የጋሼ ሰይድ ብሪታንያውያን

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከወልድያ መናኸሪያ ተነሣሁ። የምሄደው መርሳ፣ የታሪክ መምህሬ ጋሼ ሰይድ ዘንድ ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ኮፒ አድርጌ ሰጥቻቸው ነበር፤ የጥንት ብሪታንያውያን ባህል ከፊንቄና ከእስራኤል የመጣ ነው የሚል። ሐሳቡ ውድቅ ከሆነ መቆየቱን ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸው የጡረታ ጊዜያቸውን ሰጥተው በዚያው ላይ የራሳቸውን መጽሐፍ ጻፉ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያስተምሩበት በነበረው ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ሊያነቡት ነው። መቅድሙን እንድጽፍ የላኩልኝ ረቂቅ ጭኔ ላይ ነው፤ አንድም መስመር አልጻፍኩም።

ሲሪንቃ

ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ደርሷል፤ እኔ ግን የማየው ሰዓቴን ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው፣ “የታመመ ልትጠይቅ ነው ልጄ?” አሉኝ።

“አይ እማማ፣ መምህሬን ተሳስተዋል ልላቸው ነው።”

“ውይ! ከዚህስ የታመመ መጠየቅ ይቀላል።”

መርሳ

ከመናኸሪያው በያዝኩት ባጃጅ ቤታቸው ስደርስ ልጃቸው ዘይነባ በሩን ከፈተችልኝ። “ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ እየጠበቁህ ነው፤ ሱፋቸውንም ለብሰዋል” አለች። ፓፓያ ተቆርጦ ቀረበልኝ፤ ጋሼ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

“መቅድሙስ?” አሉ ጋሼ።

“አልጻፍኩትም ጋሼ። ያ መጽሐፍ ስሕተት ነው፤ ሊቃውንቱ ከጣሉት ቆይቷል። ሳልነግርዎ የሰጠሁዎ እኔ ነኝ።”

ረቂቁን ከእጄ ወሰዱ። ከዚያ ገልጠው ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። “በዕብራይስጥ ‘ብሪት’ ኪዳን ነው፤ ‘ኢሽ’ ሰው ነው። ብሪቲሽ፣ የኪዳን ሰው። ይኸስ?”

“ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ነው። እርስዎ ዐረብኛ ያውቃሉ፤ ‘መርሳ’ ምን ማለት ነው?”

“ወደብ።”

“ታዲያ እዚህ ባሕር ነበረ ልንል ነው?”

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከአስፋልቱ ማዶ ማሳና ተራራ ነው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“አራት ዓመት፣ ልጄ! ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?”



ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትምህርት ቤቱ ደረስን። ንባቡን ይሰርዛሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ተማሪዎቹ ፊት ቆመው ረቂቁን ዘጉት። “ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ሰው አራት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደተሳሳተ ነው። ሰውየው እኔ ነኝ” አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማሩ፤ የሳቀባቸው የለም።

ሲሸኙኝ እጄን ይዘው፣ “አብሽር፣ ቂም የለኝም” አሉኝ።

ወልድያ ስገባ መሽቷል። እስከ ዛሬ አክብሬያቸው ዝም ያልኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ፈርቻቸው ነው፤ ፍርሃቴም የአንድ ሽማግሌ አራት ዓመት በላ።