ወደ ምሳው አልመጣም ያሉት ምዜ

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ውስጥ ከፎቆቹ ጀርባ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ከደንበኞቼ አንዷ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ ኤርትራዊት ናቸው። አማርኛውን ድሮ አሥመራ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ እስከ ዛሬ ከብዙዎቻችን የጠራ ነው። ካቶሊክ ናቸው። የሚያውቃቸው ሁሉ በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ፣ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። እሳቸው ደግሞ «ጓለይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

የሁዳዴ ጾም በገባ በመጀመሪያው ቀን ሽሯቸውን በልተው እጃቸውን እየጠረጉ፣ «ጓለይ፣ ትልቁን ድስትሽን ለእሑድ ታውሽኛለሽ?» አሉኝ።

«ለምን ፈለጉት?»

«ለቁምስናችን፤ ለደብራችን ማለቴ ነው። ከጾም በፊት አረጋውያኑን ምሳ እናበላለን። የፍየል ወጥና የቅመም ሩዝ፣ ፒላው።»

የተሳሳቱ መሰለኝ። «አደይ፣ ጾም እኮ ዛሬ ገባ። እርስዎም ሽሮ ነው የበሉት።»

ሳቁ። «እኛ አገር ካቶሊኩም እንደናንተ ሰኞ ነው የሚይዘው። የዚህ አገር ሰው ግን የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ፣ ግንባሩን አመድ ተቀብቶ ነው የሚጀምረው። እኔ ከናንተ ጋር ጀምሬ ከነሱ ጋር አመድ እቀባለሁ። እግዜር ሁለቱንም ያያል።»

በዚያ ዓመት የሁለታችን ፋሲካ አንድ ቀን ስለዋለ የኛ ጾም ቀድሞ ገብቶ ነበር። ናይሮቢ ይህን ያህል ዓመት ስኖር ግንባራቸው ላይ ጥቁር ነገር ያለባቸውን ሰዎች ማታቱ ታክሲ ውስጥ አይቼ አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። አሁን ግን ነገሩ ሳበኝ። ድስቱን ብቻ ሳይሆን ራሴም መጥቼ አብሬ እሠራለሁ አልኳቸው። እንዲያውም ከምሳው በፊት ሰዎቹን ሊጠሩ ሲሄዱ እንዲወስዱኝ ለመንኳቸው።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት ሦስት ሆነን ወጣን፤ አደይ፣ እኔና የጁሙያው ሊቀመንበር። ጁሙያ የሚሉት የየሰፈሩ ምእመናን ተሰብስበው የሚጸልዩበትና የተቸገረ የሚጠይቁበት ማኅበር ነው። ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጣች ነርስ ነች፤ ረጅም፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ከፊታችን። ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ተሸክመን ቁልቁለቱን ወርደን፣ ወንዟን ተሻግረን ካዋንጉዋሬ ወደሚባለው የድሆች ሰፈር ወጣን። የካቲት ስለነበረ አቧራው ጫማችንን ቀይ አድርጎታል።

አደይ ባዶ ከረጢት ይዘው ነበር። በየቤቱ ዱቄቱ ከተሰጠ በኋላ ባለቤቶቹ ግድግዳ ላይ የሰኩትን የደረቀ ዘንባባ እያወረዱ ይከቱላቸዋል።

«ይሄ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?» አልኩ።

«የሚቀባው አመድ ከዚህ ነው። የአምና የሆሣዕና ዘንባባ ይቃጠልና ለዘንድሮ አመድ ይሆናል።»

እኔ ከምድጃ የሚዛቅ አመድ መስሎኝ ነበር። እኛም በሆሣዕና ዘንባባውን ግንባራችን ላይ እናስራለን፣ ቀለበት ሠርተን ጣታችን ላይ እናደርጋለን። ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርስ ግን አስቤበት አላውቅም። እየሄድኩ የኔ የአምናው የት እንደገባ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

መጨረሻ የደረስንበት ቤት በቆርቆሮ ከተሠሩት ተርታ ክፍሎች አንዱ ነው። ሊቀመንበሯ መንገድ ላይ ነግራናለች፤ ሰውዬው ለብዙ ዓመታት የካህናቱ ቤት ወጥ ሠሪ ነበሩ፤ ሰዉ በስዋሂሊ «ምዜ»፣ አባባ፣ ይላቸዋል። ሚስታቸው ሞታለች። አሁን ቤተ ክርስቲያን መምጣት ትተዋል። «ጉልበታቸው ነው» አለች።

ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ግን ንጹሕ ነው። ጫማቸው አልጋው ሥር ተወልውሎ ተቀምጧል። በርጩማ አቀረቡልን፣ ለሁላችን እጃቸውን ሰጡን። ሊቀመንበሯ ዱቄቱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ «እግዜር ይስጥልኝ። ለጎረቤቴ ስጧት፤ እሷ የልጅ ልጆች ታሳድጋለች» አሏት።

«ለእሷም አለን ምዜ። ይሄ የእርስዎ ነው። እሑድ ደግሞ ለምሳው መኪና እንልክልዎታለን።»

«አልመጣም።»

«ጉልበትዎ ነው?»

«ጉልበቴ ደኅና ነው።»

ሊቀመንበሯ ስልኳን አወጣች። «እሺ፣ ለቁምስናው አንድ ፎቶ ብቻ እንነሣ» አለች። ሽማግሌው ብድግ ብለው ጀርባቸውን ሰጡንና ግድግዳው ላይ ያለውን ዘንባባ ማውረድ ጀመሩ። እስኪያወርዱት ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ከተመለሰ በኋላ ነው የዞሩት።

ዘንባባውን ለአደይ እየሰጡ፣ «ይሄ እንኳ የአምና አይደለም። የካቻምና ነው» አሉ።

ሊቀመንበሯ ጎረቤታቸውን ልትጠራ ወጥታ ስለነበር አልሰማችም። እኔ ግን ሰማሁ። ስለዚህ የአምናውን ሆሣዕና ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም ማለት ነው። ጉልበታቸው ደኅና ነው። ታዲያ ምን አገኛቸው?

ወደኔ ዞረው ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ወጥ ሠሪ ነኝ፣ የእሑዱንም ፍየል የምሠራው እኔ ነኝ አልኳቸው።

«ማን ይቀምሰዋል?»

«ማንም። እኔ ጾም ይዣለሁ። ጨውን በዓይኔ ነው የምመጥነው።»

እዚያ ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «በዓይን» አሉ። «እግዜር ለነዚያ ሽማግሎች ይድረስላቸው።»

በማግሥቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ፒላው ለብዙ ሰው እንዴት እንደሚሠራ እንዲያስረዱኝ ነው የመጣሁት አልኩ። ያ ሰበብ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የካቻምናው ዘንባባ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሽማግሌው ግን ሰበቤን ከልብ ተቀበሉት። ሽንኩርቱ ምን ያህል መጥቆር እንዳለበት፣ ሩዙ መቼ እንደሚገባ፣ ክዳኑ ላይ ፍም ለምን እንደሚደረግ በእጃቸው አየር ላይ እየሠሩ አሳዩኝ። በስዋሂሊ ነው የምናወራው። የኔ የገበያ ስዋሂሊ ነው፤ ሲጠፋኝ እየጠበቁኝ ነበር።

ሻይ ሲቀዱልኝ ጠየቅኳቸው። «ምዜ፣ አምና ከሆሣዕና በፊት ምን ሆኑ?»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«እንደ ትናንቱ መጡ» አሉ። «ዱቄት ሰጡኝ። ሚስቴ ከሞተች ገና ነበር፤ ቤት ውስጥም ምንም አልነበረም፤ ተቀበልኩ። ፎቶ አነሡኝ። እሑድ ለቅዳሴ ስሄድ በሩ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ራሴን አየሁት፤ ዱቄት ታቅፌ። ሰዎች ቆመው ያያሉ። አንዱ የሠርጉን ምግብ የሠራሁለት ሰው ነው። ዞር ብሎ አየኝና ራሴን ዳበስ አደረገኝ፤ ሕፃን ልጅ እንደሚዳብሱት። ከበሩ ተመለስኩ። ሌላ ምንም የለም። ማንም አትግባ አላለኝም። እኔ ነኝ ያንን በር ማለፍ ያቃተኝ።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? ዱቄቱን በልቼዋለሁ እኮ።»

ስነሣ ለአደይ ልንገራቸው ወይ አልኳቸው። «ንገሪ አላልኩሽም። አትንገሪም አላልኩሽም» አሉኝ።

ቅዳሜ ድስቱን ለማድረስ ከአደይ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንሄድ ነገርኳቸው። ግቢው በር ላይ ስንደርስ፣ «ፎቶው ሲነሣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር» አሉ።

ሰሌዳው መስታወት ያለው፣ ቁልፍ ያለው ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ፊት ለፊቱ ያልፋል። እኔ ለምሳው ዝግጅት ስመላለስ በዚያ በር ሁለቴ ሦስቴ አልፌ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። ፀሐይ ቀለማቸውን የበላቸው ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ አልጋ ላይ ያሉ፣ በርጩማ ላይ ያሉ፣ ዘይት የያዙ ሰዎች። ሽማግሌው ከታች ጥግ ላይ ናቸው። ዓይናቸው ግማሽ ተከድኗል፤ የዱቄቱ ከረጢት ከፊታቸው በላይ ጎልቶ ይታያል። ሊቀመንበሯ አጠገባቸው ፈገግ ብላለች።

እሷ ራሷ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስትደረድር አገኘናት። አደይ ጠርተው አመጧትና ሰሌዳው ፊት ቆመው ሁሉንም ነገሯት። አልሸፋፈኑም፤ ድምፃቸውንም አላነሡም።

መጀመሪያ ተከራከረች። «ሰው ካላየ አይሰጥም» አለች። «ፎቶ ባልለጠፍንበት ዓመት የመጣው ዘይት ለግማሹም አልበቃም። ይሄንን እኔ ነኝ የማውቀው፤ በየቤቱ እየዞርኩ የምለምነው እኔ ነኝ።»

«እውነትሽን ነው» አሏት አደይ። «እኔም አብሬሽ ነበርኩ። ግን አንዳቸውንም ልለጥፈው ወይ ብለን ጠይቀናል?»

ሊቀመንበሯ ወደ መስታወቱ ተጠግታ ፎቶዎቹን ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። በሆስፒታል ዘመኗ በሽተኞቿን እንደዚያ አልጋ ለአልጋ ስትጎበኝ ታየችኝ። ከዚያ ቁልፉን አምጥታ ከፈተች። በመጀመሪያ የሽማግሌውን ፎቶ ነቀለች። ትንሽ ቆም አለችና የቀሩትንም ነቀለች። ሰሌዳው ላይ ፎቶዎቹ የነበሩበት ቦታ ከሌላው ጠቆር ብሎ ቀረ።

«ወደ ምዜ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችን። ያኔውኑ ሄደች።

እሑድ በጠዋት ከአዳራሹ ኋላ ሦስት ጉልቻ ላይ ድስቴን ጥጄ ለፒላው ሽንኩርት ሳቁላላ ሞተር ብስክሌት በጓሮው በር ገባ። ምዜ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ ያ የተወለወለ ጫማ እግራቸው ላይ ነው። ቀስ ብለው ወረዱ፣ ኮታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉ፣ ማንኪያ ጠየቁኝ።

አጠገቡ የተጣደውን ወጥ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዓይንሽ ጨው አይወድም» አሉኝ።

ጠዋቱን ሙሉ አብረን ሠራን። እኔ አማስላለሁ፤ እሳቸው ይቀምሳሉ። ሩዙ ላይ አንዴ ተጣላን፤ እኔ ይውረድ አልኩ፣ እሳቸው ገና ነው አሉ። እንዳሉት ጠበቅን፤ በኋላ ስከፍተው ፍሬው አንዱ ከሌላው ሳይጣበቅ ተነሣ። አረጋውያኑ በመኪና፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በሰው ክንድ እየተደገፉ መጡ። ካህኑ ባረኩ። ምዜ ጭልፋውን ለማንም አልሰጡም፤ ለእያንዳንዱ ራሳቸው ናቸው የጨለፉት። ጥርስ ለሌለው ልስልሱን መርጠው ይሰጣሉ፤ አንዷን ባልቴት ደግሞ በልጅነት ስሟ ጠርተዋት ሁለቱም ሳቁ። ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ሊቀመንበሯ አንድ ሳህን ሞልታ ይዛ መጣች። «አሁን ይቀመጡ ምዜ» አለቻቸው። ተቀመጡ። እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ በላች። ስልክ ያወጣ ሰው አላየሁም።

ቅዳሜ ሊቀመንበሯና ምዜ ምን እንደተባባሉ ማወቅ ፈልጌ ነበር። እሷን ስጠይቃት፣ «ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ ፍየሉ ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ» አለችኝ። እሳቸውን ስጠይቃቸው፣ «ሻይ አጠጣኋት» አሉ። ከዚያ በላይ ከሁለቱም አላገኘሁም።

ረቡዕ ማታ የአመዱን ቅዳሴ ለማየት ሄድኩ። ኋላ ቆምኩ። ሰዉ ተሰልፎ ወደፊት ይሄዳል፤ ካህኑ አውራ ጣታቸውን ሰሃኑ ውስጥ እየነከሩ በየግንባሩ ላይ መስቀል ያደርጋሉ። ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ ይሰለፋሉ፤ ተቀብተው ሲመለሱ እርስ በርሳቸው ግንባር ለግንባር ይተያያሉ። ምዜ ከአደይ ጋር ገቡ፤ በዋናው በር ነው የገቡት፤ አደይ ክንዳቸውን ይዘዋቸው ነበር። ምዜ ሲመለሱ አመዱ ቅንድባቸው ላይ ትንሽ ወርዶባቸዋል። እኔ ልሰለፍ ወይ ብዬ አደይን በዓይኔ ስጠይቃቸው፣ እንደ ልብሽ የሚል ምልክት በራሳቸው ሰጡኝ። አልተሰለፍኩም። የኔ ጾም ቀድሞ ገብቷል፤ እዚያው ቆሜ መዝሙሩ እስኪያልቅ አዳመጥኩ።

ከፋሲካ በኋላ ምግብ ቤቴ ሰኞ ከሰዓት ስለሚቀዘቅዝ ከነሱ ጋር ሰው ለመጠየቅ መሄድ ለመድኩ። ምዜም ጉልበታቸው በፈቀደላቸው ቀን ይመጣሉ። ከእሳቸው ጋር ሲኬድ ዱቄቱ ወዲያው አይወጣም። ገብተው ይቀመጣሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ የሚጠጣ ውኃ ይለምናሉ። ባለፈው ሰኞ ዓይነ ሥውር የሆኑ አንዲት ሴት ቤት ነበርን። ምዜ ውኃ ሲለምኑ ሊቀመንበሯ እኔ ልቅዳ ብላ ልትነሣ ስትል ሴትዮዋ በእጃቸው አስቆሟት። ጄሪካኑ የት እንዳለ፣ ኩባያው የት እንደተሰቀለ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ግድግዳውን እየዳበሱ ሄደው ቀዱ፤ ጣታቸውን ኩባያው አፍ ላይ አድርገው ሲሞላ አወቁት፤ አንድ ጠብታ ሳያፈሱ አመጡ። ምዜ በሁለት እጃቸው ተቀብለው እስከ መጨረሻው ጠጡ፤ ከዚያም ስለ ጓሮአቸው ሱኩማ ጎመን ጠየቋቸው።