የበቱል ጉንጭ

በሱዳኗ ከተማ በከሰላ ረመዳን ሲገባ የራሱን ጾም ትቶ የጎረቤቱን ጉሮሮ የሚጠብቅ ይበዛል። ይሄው ጠባቂ ነው በቱልን ሊቀብራት የነበረው!

በቱል ደረቅ ባሚያ ወቅጣ የምትሸጥ ሴት ናት። ዓይኗና አፏ ከደረቁ ዓመታት አልፈዋል፤ ዳቦ ያለ ውሃ አይወርድላት፣ ለቅሶ ቤት እንባ አይወጣት። ሐኪሟ ዶክተር ኢጅላል አስጠንቅቃት ነበር፦ «የገዛ ሰውነትሽ ጠባቂዎች የምራቅና የእንባ ዕጢዎችሽን እየወጉ ነው። ጉንጭሽ አብጦ አልመለስ ካለ ቶሎ ነይ፤ አንዳንዴ ሊምፎማ ወደሚባል ካንሰር ይዞራል። ጾሙንም ተይው፣ ለታመመ ተፈቅዷል።»

ግራ ጉንጯ አበጠ። አልሄደችም። «ጾም ልታመልጥ ሰበብ ፈለገች» እንዳይሏት ከራስ እስከ እግሯ በምትከናነብበት ጨርቅ፣ በቶቧ ጫፍ ሸፍና ጾመች። አቤት ይሉኝታ!

አንድ ከሰዓት በጎረቤቷ በሐጃ ረቅያ ግቢ ሴቶቹ ለማፍጠሪያ ገንፎ ሲያገነፉ ነፋስ ቶቧን ገለጠው።

«አንቺ በቱል!» አለች ሐጃ ረቅያ ማማሰያዋን እንደያዘች፤ «ጉንጭሽ ውስጥ የደበቅሽው ተምር ነው ሥጋ?»

«ዋጪው እቴ፣ አላየንም!» አለች ሌላዋ። ግቢው በሳቅ ተናጋ።

የበቱል ደም ፈላ። አፏን በረገደች። «ነይ! ጣትሽን ክተቺና ተምሩን አውጪልኝ!»

ሐጃ ረቅያ እልህ ይዟት እጇን ታጥባ ገባችበት። ምንም የለም። ጣቷ የበቱል ደረቅ ምላስ ላይ ተጣበቀ።

«ይሄ ምላስ ነው ቁርበት?» ጉንጯን ከውጭ ዳበሰችው፤ ጠጠረባት። ሳቋ ጠፋ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከረጀብ ወር፤ ሁለት ወር ሊሞላው ነው።»

«ሐኪምሽስ?»

«ሲያብጥ ቶሎ ነይ ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ጎለተሽ?»

«የአንቺ ምላስ!»

ማማሰያው ተወረወረ። «ባጃጅ ጥሩ! ገንፎው ይረር!» ሐጃ ረቅያ ራሷ አብራት ተሳፈረች፤ ሾፌሩን «ንዳ፣ አህያ እንኳ ይቀድምሃል!» እያለች እስከ ሆስፒታሉ በር አላስተነፈሰችውም።

ዶክተር ኢጅላል ከዕጢው ናሙና ወሰደች። ውጤቱ የመጣ ዕለት ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው፦ «ሊምፎማ ነው። ግን አዝጋሚው ዓይነት ነው፣ አልተሰራጨም። ሕክምናውን ዛሬ እንጀምራለን።»

ሐጃ ረቅያ ኮሪደሩን በእልልታ አናወጠችው። ነርሷ እየሮጠች መጣች።

«ሐጃ፣ ለካንሰር እልል ይባላል እንዴ?»

«ሌባው በር ላይ ተይዞልኝ፣ ዝም ልበል?»

ነርሷ ልትቆጣ ብላ ሳቋ ቀደማት። በቱልም ቶቧን ከፊቷ ገልጣ፣ ያበጠ ጉንጯን ለሰው ሁሉ እያሳየች፣ ወደ መርፌው ክፍል ገባች።