የቡታጅራው ጌም ቤትና ቀበቶ የያዘው አባት

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ የሴት ልጃችንን ታብሌት ነጥቃ መጣችብኝ። «ተመልከት እስቲ! ልጁን በቀበቶ የሚያሳድድ አባት ያለበት ጌም ለሕፃን ይሠራል? አጥፋው!» እኔ ግን አላጠፋሁትም፤ ሐሳቤ ጭልጥ ብሎ ቡታጅራ ገባ።

ሞባይል የሀብታም ጌጥ የነበረበት ዘመን ነው። መስቀል አልፎ የአካባቢያችን የመስቃን በርበሬ ደርሷል፤ ገበያው ሁሉ ያስነጥሳል። እኛ ከትምህርት ቤት እንደወጣን የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን፣ አቧራውን እያቦነንን ጀማል ጌም ቤት እንሮጣለን። ጀማል ጎረምሳ ነው፤ ወንድሙ ከመርካቶ የሚልክለትን ሲዲ መጀመሪያ እኛ ላይ ነው የሚሞክረው። ሕጉ ቀላል ነው፤ የሞተ ጆይስቲክ ያስረክባል።

አንድ ቀን አዲስ ጌም ከፈተልን። አንድ ትንሽ ልጅ ቤት ተቆልፎበታል፤ ግዙፍ ሰውዬ ቀበቶ ይዞ ክፍል ለክፍል ያስሰዋል። ጀማል በተሰባበረ እንግሊዝኛው ጽሑፉን አነበበና፣ «አባቱ ነው» አለን።

ያረቢ! አባት! ወታደር ስንረሽን፣ ጭራቅ ስንገድል የምንውል ልጆች ነን። ከልጁ አጠገብ ዱላ አለ፤ አንስቶ መማታት ይቻላል። ግን ማን ይድፈር! «አባት ላይ እጅ አይነሳም፣ እጃችሁ ይደርቃል!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ጌም እኮ ነው ብሎ የተከራከረ እንኳ አልነበረም። ጆይስቲኩ ከእጅ እጅ ዞረ፤ ሁላችንም ዱላውን ላለመንካት ስንሸሽ ተያዝን፣ ሞትን።

በመጨረሻ ጓደኛዬ ረድዋን «እስቲ አምጡ» አለ። ረድዋን ዝምተኛ ነው። ፊቱ ሲያብጥ «ከዛፍ ወድቄ ነው» ይለናል፣ እኛም እናምነዋለን። ዱላውን ዞር ብሎም አላየው። ኮቴ ሲሰማ ልጁን አልጋ ሥር ይከተዋል፤ ኮቴው ሲርቅ ያወጣዋል። አንዳንዴ እኛ ምንም ሳንሰማ ይደብቀዋል፣ ወዲያው ሰውዬው ብቅ ይላል። «ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ጠንቋይ ነው!» አልን። ልጁን ከዚያ ቤት ሲያስወጣውማ ጣሪያው እስኪነቀል ጮህን።

ጀማል ብቻ አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ፣ «እንዴት አወቅህ?» አለው።

«ሲናደድ ቀስ ብሎ ነው የሚረግጠው» አለ ረድዋን፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «የኔም አባት እንደዛ ነው።»

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መምህሩ፣ ጎረቤቱ፣ አንድ ዴስክ ላይ አብሬው የምቀመጠው እኔ ያላወጣነውን ቃል፣ ቡታጅራን በካርታ እንኳ የማያውቃት ሰው የሠራው መጫወቻ አወጣው። ሱብሃነላህ! የት ሆኖ ነው ያንን ቤት ያየው?

ጀማል ያኔውኑ ጌም ቤቱን ዘጋና ረድዋንን ይዞ ወደ ልጁ አጎት ሄደ። አጎቱ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ሽማግሌ ይዘው አባትየውን አነጋገሩ። ረድዋን ግን ወደዚያ ቤት አልተመለሰም፤ እሳቸው ጋ አደገ። አባቱ ተጸጸተ ብዬ አልዋሽም።

ለባለቤቴ መልስ ከመስጠቴ በፊት ረድዋን ጋ ደወልኩ። ዛሬ ወልቂጤ ነው፤ ልጆች ያሳድጋል። ነገሩን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ።

«አታጥፋው አቦ! ልጅህ አጠገብ ቁጭ በልና ስትጫወት የቱ ጋ ዝም እንደምትል እይ፤ የምትፈራው እዚያ ነው።»

ታብሌቱን ለልጄ መለስኩላትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። የሰው አባት ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ልጄ ዝም የምትለው እኔ ወደ ቤት ስገባ ቢሆንስ ብዬ ግን፣ ዓይኔን ከፊቷ አልነቀልኩም።