ባሻ ቢተው እስኪያልፉ ድረስ

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ባሻ ቢተውን ቀብሬ ተመለስኩ። ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ስይዝ ሾፌሩ የት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ የአርበኛው ለቅሶ ቤት አልኩት። ቤቱን ያውቀዋል። መቶ ዓመት ያለፋቸውን፣ ጣሊያንን የተዋጉትን ሽማግሌ በከተማው የማያውቅ የለም። መንገድ ላይ ዘመዴ እንደሆኑ ጠየቀኝ። የቆየ ትውውቅ ነው አልኩት። እውነቱን ብነግረው ባጃጁን አቁሞ ዞሮ ያየኝ ነበር። እኚህ ሰው እስኪሞቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጠብቄያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ ነው። ቡሬ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር፣ ሱሪዬን በየማለዳው የምተኩስ ጎረምሳ ነበርኩ። ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ስመኝ የምትባል ልጅ በአባቷ የእህል መደብር ትሸጥ ነበር። እነስመኝ አገው ናቸው፤ ከአባቷ ጋር በአዊኛ እያወራች ለገበያተኛው በአማርኛ ስትመልስ ቆሜ እሰማታለሁ። መቆሚያ ሌላ ሰበብ ስላልነበረኝ ሽምብራ እገዛለሁ። አብሬያት የምኖረው አክስቴ ቤት በሽምብራ ተሞላ። ቆሎውን፣ ንፍሮውን፣ ሽሮውን እስኪያንገሸግሸን በላን። አክስቴ አንድ ቀን፣ ከዚህ ሁሉ ሽምብራ ልጅቷን ብታገባት ይቀለናል አለችኝ።

ኅዳር ሲገባ፣ ጭቃው ደርቆ በርበሬው በየጓሮው ተሰጥቶ ሲቀላ፣ ባሻ ቢተው ከማንኩሳ ወዲያ ካለው አገራቸው በርበሬ በአህያ ጭነው ይመጣሉ። ሃምሳ ዓመት የተጠጉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ነበሩ። ገና ጢም ሳያበቅሉ ጫካ ገብተው ተዋግተዋል፤ ግራ እግራቸው ውስጥ የቀረ ጥይት ስለነበር ያነክሳሉ። እሳቸው ሲመጡ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል። ከመደብሩ በርጩማ ይወጣላቸዋል። እኔ ሽምብራዬ እስኪሰፈር ቆሜ እያለሁ ስመኝ ውሃ በእጇ ታቀርብላቸዋለች። እሳቸው የጠጡት ውሃ እኔ ጉሮሮ ላይ ይቀር ነበር። በጦርነት ወሬ የሚያፈዟት እየመሰለኝ፣ በእሳቸው ዘመን ያልወለዱኝን እናትና አባቴን በሆዴ እወቅሳለሁ። እኔ ምን አለኝ? የተዋጋሁት ከማባዣ ሰንጠረዥ ጋር ነው።

በመጨረሻ አክስቴ ሽማግሌ ላከችልኝ። የባሻም ሽማግሌዎች በዚያው ሳምንት መጡ። የስመኝ አባት ነገር አዋቂ ሰው ነበሩ፤ ሁለቱንም ወገን ላለማስቀየም፣ ልጄ የሰውን እህል ስትሰፍር አንድም ቀን አጉድላ አታውቅም፣ የራሷንም ኑሮ ራሷ ትስፈር ብለው ምርጫውን ለእሷ ተዉላት። እንዲህ ያለ አባት በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። እሷም ባሻን መረጠች።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ጠብቄ አገኘኋት። ምን አይተሽባቸው ነው፣ ጀግንነታቸው ነው ወይ አልኳት። ድምፄ ተሰባብሮ ለራሴም አስጠላኝ።

"ጀግንነታቸውን አገር ያውቀዋል" አለችኝ። "ለእኔ የነገሩኝ የፈሩበትን ቀን ነው። ጓደኛቸው አጠገባቸው ሲወድቅ ሸሽተው ዋሻ ገብተው አለቀሱ። ይኼን ለሌላ ሰው ነግረው አያውቁም።"

"ታዲያ የሸሸ ሰው ነው የምታገቢው?"

ነጠላዋን አስተካከለች። "አንተ እስከ ዛሬ ያናገርኸኝ ስለ ሽምብራ ብቻ ነው" አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።

አክስቴ እኔን ለማጽናናት የምትለው ነገር ነበራት። ሰውየው ቢበዛ አሥር ዓመት ነው፣ ያ ጥይት ብቻውን ይበቃቸዋል ትላለች። እኔም አመንኳት። ባሻ ስመኝን አግብተው ፍኖተ ሰላም ገቡ። ንጉሡ ወረዱ፤ ባሻ አሉ። ደርግ መጥቶ ሄደ፤ ባሻ አሉ። አንድ ክረምት ታመው ቄስ ሥጋ ወደሙ አቀብሏቸው፣ እዚህ ቡሬ ድረስ አለቀላቸው ተባለ፤ መስከረም ላይ ገበያ መሃል አየኋቸው፣ ስመኝ ጃንጥላ ይዛላቸው። እኔም አግብቼ ወልጄ ኖርኩ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሁሉን ታውቅ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ሰው ሲመጣ እኔ አፌን ሳልከፍት በፊት "ባሻ እንዴት ናቸው?" ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት።

እንግዲህ ቅዳሜ ቀበርናቸው። የአርበኛ ቀብር ድሮ በጥይት ይደምቅ ነበር፤ ዘንድሮ የተኩስ ድምፅ ለጌጥ የሚሰማበት ጊዜ አይደለምና አንድ ሽማግሌ ብቻ ከዘራቸውን ይዘው ፎከሩ፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸውም ተዉት። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ስመኝ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ፊቷን ነጭታዋለች። እንዲህ የሚያለቅሱለት ሰው ምን ዓይነት ዕድል ነው ብዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በሬሳ ቀናሁ።

እግዜር ያጽናሽ ብያት ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ስላንተ ሲጠይቁኝ ነው የኖሩ" አለችኝ ቀስ ብላ። "መምህሩ ደህና ነው? ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አላገባም? ይሉኛል። ገበያ ላይ ባዩህ ቁጥር ምርኩዛቸውን ለእኔ ሰጥተው ቀጥ ብለው ይራመዱ ነበር። ቤት ስንገባ እግራቸውን በቅቤ የማሸው እኔ ነኝ። በቀደም እንኳ አልጋ ላይ ሆነው፣ እኔን ቀብሮ የሚመጣው ያ ልጅ ነው አሉኝ።"

"ልጅ አሉኝ?"

"እሳቸው ዘንድ አላረጀህም።"

ወደ ቡሬ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል የበቆሎውን ማሳ እያየሁ ደስታ ጠበቅኩ። የቀናሁባቸው ሰው ይቀኑብኝ ኖረዋል፤ ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይረካ ነበር። እኔ ግን ያደረብኝ ሌላ ነገር ነው። ልጆቼ ደረጃ ስወርድ ክንዴን ይደግፉኛል፣ የሠፈሩ ጎረምሳ ወንበር ይለቅልኛል። በዚህ ዓለም ላይ እኔን እንደ ወንድ የሚፈራኝ አንድ ሰው ቀርቶኝ ነበር፤ እሳቸውንም ቀበርናቸው።