እትዬ ይመለስ እና የኮሚት ማጣሪያው

ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ከመጣ፣ ከሥራ አስኪያጁም ቢሆን፣ «ይመለስ» ብለው ይጽፉበታል። በዚያው እትዬ ይመለስ ተብለው ቀሩ። መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር እሳቸውም ሦስተኛ ፎቅ፣ ፕሮግራመሮቹ ዘንድ ተዛወሩ።

እዚያ ጉድ አዩ። ፕሮግራመሮቹ የቀየሩትን ኮድ ወደ ጋራ ማከማቻው ሲያስገቡ፣ ኮሚት ሲያደርጉ ማለት ነው፣ ምን እንደቀየሩ አንድ መስመር ማስታወሻ ይጽፋሉ። የሚጽፉት ግን «አስተካከልኩ»፣ «እንደገና»፣ «አሁንስ በቃኝ» ነው። አንድ ቀን የደብዳቤ መፈለጊያው ተበላሸና የትኛው ለውጥ እንዳበላሸው ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀ።

«ልጆቼ፣ ይሄ ማስታወሻ ነው እንጉርጉሮ?» አሉ እትዬ።

የክፍሉ ኃላፊ ሳቀ። «እንግዲያው ደንብ ያውጡልን።»

አወጡ። መጀመሪያ የሥራው ዓይነት፣ ቀጥሎ የጉዳዩ ቁጥር፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ቢያንስ ሦስት ቃል። ይህን ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በሚባል የምልክቶች አጻጻፍ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኮምፒውተር የምትማረው ልጃቸው አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ይሄማ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው» አሏት።

«እማዬ፣ ይሄኛው ምልክት ቁጥር ብቻ ይግባ ማለት ነው። ይቺ ደግሞ ቁጥሩ ስንት አሃዝ እንደሆነ ትናገራለች።»

«ታዲያ እኔ ዕድሜ ልኬን ስል የኖርኩትን ነዋ።»

ሰኞ፣ ከደንቡ ውጭ የተጻፈውን ኮሚት የሚመልሰው ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። እስከ ምሳ ድረስ የአንድ ሰው ኮሚት እንኳ አላለፈም።

«እትዬ፣ የእኔም ተመለሰ። ምን አጠፋሁ?» አለ ኃላፊው።

ሲታይ ለካ እትዬ በደብዳቤ ልማዳቸው «ቁጥሩ አራት አሃዝ ይሁን» ብለዋል፤ ጉዳዮቹ ግን ገና ሦስት አሃዝ ላይ ናቸው። አፍረው ቶሎ አረሙና በጥድፊያ «አስተካከልኩ» ብለው ላኩት። ማጣሪያው መለሰባቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በማግስቱ የክፍሉ ቀልደኛ «ማስተካከያ 214: ሻይ ልጠጣ ወጣሁ» ብሎ ጻፈ። አለፈለት።

እትዬ ጠሩት። «ማጣሪያው መልኩን እንጂ እውነቱን አያይም፣ የኔ ልጅ። እውነቱን የማየው እኔ ነኝ።» ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የሁሉንም ማስታወሻ ቁጭ ብለው ያነባሉ።

ከሁለት ወር በኋላ መፈለጊያው ዳግም ቆመ። ጥፋተኛው ለውጥ በሩብ ሰዓት ተገኘ። የቀልደኛው ነበር፤ ነገር ግን ምን እንደነካ ጥርት አድርጎ ጽፎ ስለነበር ማንም አልተቆጣውም። እትዬ በዚያው ሳምንት ለፋይል ስሞችም ማጣሪያ መጻፍ ጀመሩ። ክፍሉ አጉረመረመ፤ ኃላፊው ግን ሰፋ ያለ ጠረጴዛ አስመጣላቸው።